ደህነኛው ጉልበት

ሕመምተኛ ሕመሙን ያጋንናል ይባላል። ሐሰት ነው፤ እኛ ድሬዎች የምናጋንነው ጤናችንን ነው። የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴን ኢብራሂምን ውሰዱ። የባቡር መካኒክ የነበረ ሰው ነው። ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ መስገድ ከጀመረ ወራት አለፉ። ምኞቱ ግንባሩን እንደገና ምንጣፍ ማስነካት ብቻ ነው።

የሐኪም ቤቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤቱ የሚሠራው መልመጃ አሳይታ ከጉልበት በላይና በታች የሚታሰሩ ሁለት ሴንሰሮች ሰጠችው። ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ለስልክ ይናገራሉ። በሳምንቱ ለቀጠሮው አብሬው ሄድኩ።

«መቶ ሠላሳ! ማሻአላህ! በሉ እዚህ ይንበርከኩ» አለችው ስልኩን አይታ በደስታ።

ኢብራሂም ወንበሩን ጨብጦ ቀረ።

«ጋሼ፣ የትኛው እግር ላይ ነበር የሚያስሩት?»

«ግራው ላይ ነዋ። አቦ፣ ቀኙ እኮ ያሳፍራል!»

እውነቱን ነው፤ ለመሆኑ የታመመ እግር ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን ነው?

ልጅቷ ሳቋን ጨርሳ ቀኙ ላይ አሰረችለት። ሰባ አለ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት አርባ ነበር።

ኢብራሂም ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። «ወላሂ፣ የባሰበት መስሎኝ ነበር የደበቅኩት» አለ ቀስ ብሎ። ሲወጣ ወንበሩን አልተደገፈም።

አንተም አንባቢ፣ ነገ ሐኪም ፊት ስትቀርብ እባክህ የታመመውን እግርህን አውጣ።