ጨረቃ ላይ የተሰቀለችው ሚዛኔ

የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት ቆርቆሮ የሚበሳ ክረምት ነበር። መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጭቃ ውጦት፣ የምሸጠው በርበሬ እርጥበት እንዳይጠጣብኝ ጆንያውን አልጋዬ ድረስ አስገብቼው ነበር። እንዳስነጠሰኝ ክረምቱ ወጣ። ግን ደስ ይል ነበር። ከስስ ጣውላ ግድግዳ ማዶ ጎረቤቴ ዶክተር ይገረም የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለራሱ ያነባል፤ ዝናቡ ፋታ ሲሰጠኝ እሰማዋለሁ፣ ሲብስ ይቋረጥብኛል።

የማያክም ዶክተር የሌለበት ሰፈር የለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሱሪው የተተኮሰ፣ ጫማው ጭቃ የነካው፣ ሰው በተናገረ ቁጥር ለማረም አፉን ከፈት የሚያደርግ። የእኛው ዶክተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ የሚኖረው ግን እናቱ በተወችለት የቀበሌ ቤት ነው። ዶክተር መሆኑ የተሰማ ዕለት ፌስታል ሻጯ ሰኪና በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ዶክተር፣ ወገቤን እስቲ ይዩልኝ።»

«እኔ የፊዚክስ ዶክተር ነኝ።»

«ይሁና! ፊዚክስ የሚባለው አገር ሰው ወገብ የለውም?»

የአፉ ማሳረጊያ «ሒሳቡ አይፈቅድም» ነበር። መሳለሚያ ላይ የሚኒባስ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስተኛ ሲጨምር «ሒሳቡ አይፈቅድም» ይላል። ረዳቱም «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ ይፈቅዳል!» ይለዋል። ይፈቅድም ነበር። ከሱቄ ማዶ ያለው ፍራሽ ነጋዴ ሙናዊር አሥር ፍራሽ በአንድ ጋሪ ሲጭን አሁንም «አይፈቅድም»። ጋሪው ሄደ። የመርካቶ ሒሳብ የማይፈቅደው ነገር የለም፤ ይህን ለማመን ግን መማር እንቅፋት ነው።

አንድ ቀን ምን እንደሚጽፍ ጠየቅኩት።

«ልብ ወለድ ነው እቴቴ። ከመቶ ዓመት በኋላ መርካቶ ጨረቃ ላይ ሲከፈት።»

«ውሃ አለ እዚያ?»

«እሱን ነው ሦስት ወር ያሰላሁት።»

የሥራ ባልደረቦቹ «ተረት ጸሐፊ» ብለው ሳቁበት። ደራሲዎቹ ዘንድ ቢወስደው ደግሞ «ይህ የፈተና ወረቀት እንጂ ልብ ወለድ አይደለም» አሉት። ከሁለቱም በር ተመለሰ። «ግድ የለም» አለኝ፤ «የሌሎቹ ሮኬት የሚበረው በምኞት ነው። የእኔ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር አይገኝም። ሰው ሌላውን ባይወድልኝ ይህን ያከብርልኛል።»

የእናቱን ወርቅ ሸጦ አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመ። ካርቶኑ ቤቱን ሞላውና አልጋውን አውጥቶ ካርቶኑ ላይ ይተኛ ጀመር። የመጀመሪያዋን ለእኔ ሰጠኝ፤ ውስጧ «ለእቴቴ፤ ሚዛንዎ ዋሽቶ አያውቅም» ብሎ ጽፎባታል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ የሁዳዴን ጾም ሙሉ አነበብኩ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ተሸካሚ አሥራ ሁለት ኪሎ በርበሬ ከምድር ወደ ጨረቃ ያደርሳል። እዚያ ያለችው ሴትዮ በሚዛን ብትመዝነው ሁለት ኪሎ ብቻ ይሆናል። «ሌባ!» ብላ ታሳስረዋለች። ቀሪው መጽሐፍ፣ ጨረቃ ዕቃን ሁሉ እንደምታቀል የሚያውቅ አንድ ሊቅ ተሸካሚውን ለማስፈታት ሲደክም ነው። ሚዛኑ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ምዕራፉን ከግድግዳው ማዶ ሲያነበው ዝናቡ ጋርዶኝ አልሰማሁትም ነበር። አንድ ደቂቃ ቢያባራ ኖሮ፣ ሳይታተም እነግረው ነበር።

በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ ያዝኩት።

«ዶክተር፣ ይቺ ጨረቃ ላይ የሰቀልካት ሚዛን የእኔዋ ናት አይደል? ባለ ሁለት ሳህኗ?»

«ራሷ ናት!» ፊቱ በራ። «ደረሱበት እንዴ?»

«ደረስኩ። በርበሬው እዚያ ሲቀልል፣ በወዲህኛው ሳህን ያለው የመመዘኛ ብረትስ አብሮ አይቀልም? ብረቱን ምድር ትታው ነው የሄደችው?»

ለማረም አፉን ከፈተ። እንደከፈተው ቀረ።

ሙናዊር ከማዶ «ዶክተር፣ ሒሳቡ አይፈቅድማ!» ብሎ ጮኸ። ሰኪና ያንን የታመመ ወገቧን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሌላውን እርሱት፤ እኔም ሳቅኩ።

እሱ ባዶዋን ሳህን በጣቱ ነካ አደረጋት። ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘችና እኩል ቆመች። «ልክ ነዎት እቴቴ» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ መጠቅለያ ወረቀት ልገዛ ባህረዲን ጋ ብሄድ፣ በኪሎ የመዘነልኝ ጨረቃ ላይ ያለችውን መርካቶ ነው። ዶክተር ካርቶኑን በሙሉ አምጥቶ ጥሎለታል። ሮጬ በሩን መታሁ።

«ምን አደረግክ ልጄ? ሰው እኮ አላየውም ነበር!»

«እርስዎ አዩት።»

«እኔ አንድ አሮጊት ነኝ!»

«ሌላ ማን አነበበው እቴቴ?»

ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ብቻ የሆንኩት አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። እስከዚያ ገጽ የደረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት ሳምንት በዚያ ወረቀት አልጠቀለልኩም። ከዚያ ሌላው አለቀብኝ።

ከወራት በኋላ ደንበኛዬ ዱንያ እርድ የጠቀለልኩላትን ገጽ ይዛ ተመልሳ መጣች። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። «እትዬ፣ ይሄ ተሸካሚ ተፈታ አልተፈታም? ቀጣዩን ወረቀት ይስጡኝ እንጂ፣ እንቅልፍ ነሳኝ!» ቀጣዩ በጥቁር አዝሙድ ሄዷል። ከራሴ መጽሐፍ አነበብኩላት፤ የብረቱን ነገር እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ይህን እንኳ ልነግረው አልቻልኩም፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቤቱን ለቆ ነበር። ስልኩንም አያነሳም።

አሁን ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም፤ የምሰማው ዝናብ ብቻ ነው። ሲያባራ ግን ጆሮዬ አሁንም ወደዚያ ይሄዳል።

ለመጨረሻ ጊዜ እንደሰማሁት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ከሥራ በኋላ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ያስጠናል።