ፍሬን የሌላት ታክሲና የቀበሌው ሰሌዳ

መካኒክ «ቀላል ነች» ካላችሁ ፍሩ። «ከባድ ነው» የሚላችሁ ቢያንስ መኪናችሁን አይቷታል። የኔን ሴይቼንቶ ታክሲ ፍሬን ሊሠራ የተረከበው ጓድ ተፈራ ግን ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ነበር «ቀላል ነች፣ ነገ ትወስዳታለህ» ያለኝ።

የመካኒኮቹ ማኅበር ጋራዥ ንፋስ ስልክ፣ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው። ጓድ ተፈራ ፍሬኗን ፈታትቶ ሳይጨርስ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰዓት ደረሰ። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከውይይት የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ማግኘቱን ይርሳው። መካኒኮቹ መፍቻቸውን ጥለው ሮጡ። ጎማዋ ሥር ድንጋይ ማድረግ ማን ትዝ ይበለው? ታክሲዬ ብቻዋን ቀረች፤ ብቻዋንም ወረደች። የኋሊት ተንደርድራ፣ ታች ቀበሌው በር ላይ የቆመውን «ምንጊዜም ወደፊት!» የሚል ሰሌዳ ገነደሰችና የግቢው ግንብ ላይ ተጨፈለቀች። የሴይቼንቶ ሞተር ደግሞ ያለው ከኋላ ነው።

ሚስቴ አላለቀሰችም። «እንግዲህ ልጆቹን በምን ልናበላቸው ነው?» ብቻ አለች። ተቆጣኋት፤ ከዚያ ካሣ ልጠይቅ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄድኩ።

ሰብሳቢው በትዕግሥት አዳመጠኝና ሰሌዳውን የሰበረችው መኪና የማን እንደሆነች ጠየቀኝ። የኔ ናት አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ጻፈ። ቀጥሎ ጓድ ተፈራ ተነሥቶ ግለ ሂስ አደረገ። ድንጋይ አለማድረጉ የንዑስ ከበርቴ ቸልተኝነት መሆኑን አመነ፤ ዳሩ ግን እንዲያ ያስሮጠው የውይይት ፍቅር ነው አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ ማለት ነው። ጭብጨባ ሞተር ይሆናል ወይ ብዬ ጮህኩ።

ሰብሳቢው፣ እስከዚያ ጓድ ሲለኝ የቆየው ሰውዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወንድሜ አለኝ። «ወንድሜ፣ የአብዮቱ መፈክር ተሰብሯል። እኛ አደጋ ነው ብለን አልፈነዋል። ሌላ ስም እንድንፈልግለት ትፈልጋለህ?»

አልፈለግሁም። ልጆች አሉኝ አላልኳችሁም?

ውሳኔው ተነበበ። አቤት ባዩ አዲስ ሰሌዳ በራሱ ወጪ ያሠራል፤ ሰሌዳውንም ከሳሪስ በራሱ ታክሲ ጭኖ ያመጣል። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ዞር ዞር ብዬ ሳይ እጁን ያላወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ።

አወጣሁ። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ።