ስሕተት ሰምቶ ዝም የማይል ሰው

ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ማሲንቆ የያዙት ካሳ፣ ይርጋና ጥሩዬ፣ ከደረስጌ በእንግድነት የመጡት የዜማ መምህር መሪጌታ ሐዲስ፣ መቅረጫ የያዝኩት እኔም ነበርን።

ስሕተት ሰምቶ ዝም የማይል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በምንቀርጸው ዜማ ሦስቱ ማሲንቆዎች እጅግ በጥቂቱ የሚለያዩ ሦስት ድምፆችን ለግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ይይዛሉ፤ የመቅረጫዬ ባትሪም የሚበቃው ለዚያው ብቻ ነው። ሃያኛው ደቂቃ ላይ መሪጌታ ተማሪ በሚያርሙበት ድምፅ «ተመለስ!» አሉ። በሰሜን ተራሮች ያሉት የጨነቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ የተመለሱ መሰለኝ።

«የኔታ፣ እየቀረጽን እኮ ነው!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ቅረጻ! ይርጋ ግን ወርዷል።»

ይርጋ ደንግጦ ድምፁን መለሰ። እኔ ቀረጻው ተበላሸ ብዬ አኮረፍኩ። ቤት ገብቼ ደጋግሜ ሳዳምጥ ግን እውነትም ወርዶ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያዳነቻቸው ያቺ ጩኸት ናት፤ አልቆረጥኳትም። የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ይርጋ መውረድ የጀመረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ያስተዋላችሁ ካላችሁ ጨምሩልኝ።