በወደፊት አማቴ ፊት እምቢ ያለው ሊኑክስ

ጎበዝ፣ ዛሬ ሳጉሬ ላይ የሠራሁትን ከሰማችሁ በኋላ ኮምፒውተራችሁን ለኔ የምትሰጡኝ አይመስለኝም!

መኪና ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ።

አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቲ ነኝ። ላገባው ያሰብኩት ገመቹ ደግሞ አፉ አያርፍም። አባቱን ጋሽ በቀለን «እሷ እኮ የሞተ ኮምፒውተር ታስነሳለች» ብሏቸው ቁጭ አለ።

ጋሽ በቀለ ሳጉሬ ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ካረፉ ዓመት አልሞላም። ታመው አልጋ ላይ ሳሉ የዘመሩትን ጋሽ በቀለ በስልክ ቀድተው ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ስልኩ ጠፋ። አሁን ደግሞ የላፕቶፑ ዊንዶውስ አልነሳ አለ።

ሌላ ኮፒ የለም። የሴትየዋ ድምፅ ያለው እዚያች አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው!

እኔም የሊኑክስ ላይቭ ዲቪዲዬን ይዤ ሄድኩ። ለማታውቁት፣ ኮምፒውተሩ ከዲቪዲው ይነሳና ፋይሉን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ልክ ሲበራ ኤፍ 12 የሚባለውን ቁልፍ መጫን ብቻ! ሁለት ሰከንድ ካመለጠቻችሁ ግን ተመልሶ ወደ ተበላሸው ዊንዶውስ ይሄዳል።

ዲቪዲውን ከተትኩ። ጋሽ በቀለ «ላፕቶፗ ስትነሳ እኛም በጸሎት እንገኝ» አሉና ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑት።

ከዚያ እጄን ያዙ። ሌላውን እጄን የገመቹ አክስት እትዬ ጫልቱ ያዙ። ዓይን ተጨፈነ።

ኤፍ 12ን በምን ልጫነው? በአፍንጫዬ?!

አሜን ሲባል ስክሪኑ ላይ ያው ስህተት። ከውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ጠቅ... ጠቅ... ይላል። ክው አልኩ። ይሄ ድምፅ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል የሚያሰማው ነው። ባበራነው ቁጥር ዕድሜው ያጥራል።

ቶሎ ብዬ እጄን ስሰድ «ቆዪ ኢንተላ ኮ! ያለ ጸሎት አትንኪያት» አሉ ጋሽ በቀለ። ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ የሚለኝን ሰው «ጸሎትዎ አስቸገረኝ» ልበል? ገና እኛ ቤት ሽማግሌ አልላኩም እኮ!

ሁለተኛ ሞከርን። እጅ ለእጅ፣ ጸሎት፣ ጠቅ ጠቅ።

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ዲቪዲው ተበላሽቷል መሰለኝ» አልኩ እኔ ፈሪዋ።

ውሸት! ያውም አሜን ካልኩ ደቂቃ ሳይሞላ!

ገመቹ የቤቴን ቁልፍ ይዞ በሚኒባስ አሰላ በረረ፣ ሌላ ዲቪዲ ሊያመጣ። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀረበልኝ። በአርሲ ምድር ጭኮ አልዋጥ ያለው የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ጋሽ በቀለ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ድምጿ ቀጭን ነበር» ይሉኛል። እኔ በሆዴ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው።

ዲቪዲው መጣ። ያው ጸሎት፣ ያው እጅ። የእትዬ ጫልቱ አያያዝ ደግሞ! ጆንያ ያነሳ እጅ ነው፣ ማን ይላወሳል?

ጠቅ ጠቁ ፈጠነ።

ጋሽ በቀለ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉት። «ተይው ልጄ። ድምጿም ከሄደ ሄዷል። እሷንስ መች አስቀረኋት» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ለቅሶዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ዲቪዲው ምንም አልሆነም። ልክ ሲበራ የምጫነው ቁልፍ አለ። እጄን ይዘውኝ ነው።»

እትዬ ጫልቱ የራሳቸውን እጅ ያያሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ፈራሁዎት።»

መጀመሪያ ጸለይን። አጭር ጸሎት! ከዚያ አበሩት። ኤፍ 12ን ሃያ ጊዜ ቀጠቀጥኩት። ሊኑክሱ ተነሳ!

ፎልደሩ ውስጥ ዘጠኝ መዝሙር ነበር። ሰባቱ ወደ ፍላሽ ተገለበጡ። ሁለቱ አልነበብ አሉ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ማለቱንም ተወው። አበቃለት።

አንዱን ከፈትኩላቸው። ቀጭን ድምፅ፣ መሃል ላይ ሳል ያቋርጠዋል። ጋሽ በቀለ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሁለቱስ?» አሉ።

«ላፕቶፑ አርጅቶ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስቴር ሕመሟን የደበቀችኝ እንዳልጨነቅ ብላ ነው። ሐኪም ጋ ስንደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። አንቺ እዚህ ቤት ስትመጪ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ፣ እሺ?»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ወደ አሰላ። በዝምታዬና በውሸቴ ሁለት ጊዜ በከንቱ ያስነሳነውን ሃርድ ዲስክ እያሰብኩ ነው። ሁለቱን መዝሙር የበላሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ነገ እነግራቸዋለሁ። በእናታችሁ፣ እነግራቸዋለሁ አይደል?