አባላቱ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ የሞቱበት ረቡዕ

የቤተ መጻሕፍቱ የመዝገብ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10 ጀምሮ።
ቦታ፦ የአሮጌ ጋዜጦች ክፍል (አራት ወንበር ለአምስት ሰው፤ ጸሐፊው ጋዜጣ ክምር ላይ ተቀምጧል)።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር)፣ የኮምፒውተር መዝገብ ባለሙያዋ፣ መጽሐፍ ጠጋኙ፣ እንግዳ ተቀባይዋ፤ እንዲሁም ጸሐፊው (የበር ጥበቃና የሟቿ አባል ቁጥር 217 ባል)።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አልተሟላም። ደንቡ «በመዝገቡ በሕይወት ያለ አባል ብቻ ይሰበሰባል» ይላል፤ ዛሬ ደግሞ ሰብሳቢውን ጨምሮ 4,312ቱም አባላት በመዝገቡ ሞተዋል። ሰብሳቢው «ሞቼም ቢሆን ወንበሬን አልለቅም» ስላሉ ስብሰባው ቀጥሏል።

አጀንዳ 1፦ የሞታችን ምክንያት

ባለሙያዋ በዚህ ሳምንት ያረፉ አንድ አዛውንትን «ሟች» ብለው ሊመዘግቡ ሲሉ፣ «የአባል ቁጥሩ ይህ የሆነውን ብቻ» የሚለውን መስመር ዘልለው ቁልፉን መጫናቸው ተገልጿል። ኮምፒውተር «ማንን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሁላችንንም ፈጀን። መጽሐፍ ጠጋኙ «ባንድ ጣት ይህን ሁሉ ሕዝብ! እኔ በቀን ሦስት መጽሐፍ መስፋት አቅቶኛል» ብለው እስኪያስላቸው ስቀዋል። ባለሙያዋ እጅ አወጡ። ሰብሳቢው «ለሞተ ሰው ዕድል አይሰጥም» በማለት ከለከሉ (1ኛ ጊዜ)።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንኛውም የ«ለውጥ» ትእዛዝ አስቀድሞ በዚያው መስመር ማንን እንደሚነካ ብቻ በሚያሳየው በ«አሳይ» እንዲሞከር፣ አንድ ሰው ሲጠበቅ አራት ሺህ ከመጣም እጅ ከቁልፉ እንዲነሣ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ትንሣኤ

ጸሐፊው ቃሉ ለኮሚቴ ይከብዳል ብሎ ስለተቃወመ «ወደ ነበሩበት መመለስ» ተባለ።

እንግዳ ተቀባይዋ «አይዟችሁ፣ የመዝገቡ ቅጂ አለ! በየዓርቡ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ» አሉ። በጭብጨባ ተከፈተ። የእህታቸው ልጅ የሠርግ ፎቶ ተገኘ። ሙሽራዋ ማማሯ በአንድ ድምፅ ጸድቆ፣ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ እንዳይባል ተወሰነ።

ባለሙያዋ እጅ አወጡ (2ኛ ጊዜ)። ሰብሳቢው «ቆይ ልጄ» ብለው፣ ሁሉም አባል ባንዴ «በሕይወት ያለ» እንዲባል አዘዙ። ባለሙያዋ እያለቀሱም እየሳቁም ጻፉት። በዚህም ዱሮ ያረፉት 61 አባላት፣ ቁጥር 217ን ጨምሮ፣ አብረው ተነሡ። ጸሐፊው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ መዝግቧል።

በዚህ መሐል እንግዳ ተቀባይዋ ወጥተው ተመለሱና «የአንባቢዎቹ ሰልፍ በሩ ላይ ደርሷል፤ የኔ ኮምፒውተር ካንድ ሰው መዝገብ ላይ ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆሟል!» አሉ። ባለሙያዋ ያለ ፈቃድ ወንበር ላይ ወጥተው የሚከተለውን ተናገሩ፦ «የሚጠብቀው እኔን ነው! ከመግደሌ በፊት ‹ጀምር› ብዬ ነው የገባሁት፤ ‹አጽድቅ› አላልኩም! የሞታችሁት እኔ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ‹ተመለስ› ካልኩ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ነው።»

ሰብሳቢው፦ «ታዲያ አፍሽን ምን ዘጋው?»
ባለሙያዋ፦ «ሞተሻል አላችሁኝ!»

አጀንዳ 3፦ ይጽደቅ ወይስ ይመለስ?

ሰብሳቢውና እንግዳ ተቀባይዋ «ሰው በሕይወት ቢኖር ምን ከፋ» ብለው ለመጽደቁ፣ ባለሙያዋና መጽሐፍ ጠጋኙ ለመመለሱ ድምፅ ሰጡ። የጸሐፊው ድምፅ ብቻ ቀረ። ጸሐፊው ሦስት ደቂቃ ለመነ፤ ተፈቀደ።

ባለሙያዋ ቁጥር 217ን ከፈቱለት። «በሕይወት ያለች» ይላል። የዛሬ ሁለት ዓመት ያንን ቅጽ የሞላው ጸሐፊው ራሱ ነበር፤ «ሟች» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ ሦስት ብዕር አልጻፍ ብሎት። እንግዳ ተቀባይዋ ዝግ ብለው «ተዋት ጋሼ፣ ማንን ትጎዳለች?» አሉት።

ጸሐፊው ሲመልስ፣ ዓርብ ዓርብ ማስታወሻ እንደሚላክ፣ በስድሳ አንድ ቤት «መጽሐፍዎን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ በሟች ስም በር እንደሚያንኳኳ፣ እርሱም የገዛ ቤቱን በር ከፍቶ እንደሚቀበል ተናገረ። ደግሞም የፈጣሪን ሥራ ከኮምፒውተር መለመን እንዳሳፈረው አስመዝግቧል። እጁን ለ«ይመለስ» አወጣ። ሦስት ለሁለት።

ባለሙያዋ «ተመለስ» አሉ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ያረፉት አዛውንትም በ«አሳይ» ታይተው፣ ብቻቸውን፣ በክብር ተመዘገቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሰብሳቢው በ«ተመለስ» እጅግ ስለተደሰቱ ስብሰባውም ራሱ ይመለስ አሉ። የዛሬ ውሳኔዎች በሙሉ፣ የሙሽራዋ ማማር ሳይቀር፣ ተሽረዋል። የጸሐፊው ሦስት ደቂቃም ይሰረዝ ሲባል መጽሐፍ ጠጋኙ «እሱን አትንኩ፤ በቀለም ነው የተጻፈው» ብለው አስቀርተዋል።

ስብሰባው 6፡35 ተበተነ።

ጸሐፊው በሩን ሲቆልፍ፣ በቁጥር 217 ግርጌ «ያልተመለሰ፦ አንድ መጽሐፍ» የሚል መስመር አይቶ እንደነበር ትዝ አለው። መጽሐፉ እሷ ገጽ አጥፋ እንደተወችው ራስጌው አለ። ሌላውን ሁሉ ይመለስ ያለ ሰው የራሱን ይዞ መቀመጡ ተገቢ ስላልሆነ፣ ዛሬ ማታ ከታጠፈው ገጽ ጀምሮ አንብቦ ጨርሶ ሊመልስ ወሰነ። ተቃዋሚ አልነበረም።