ባለ ፎቁ ድንች

ምግብ ፎቅ ካወጣ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር አይታወቅም! እኔን ያያችሁ ተቀጡ፤ ድንች አትደርቡ።

ባለፈው እሁድ ከኮምቦልቻ ሽማግሌዎች መጡ። እኔን ሊጠይቁ… ለትዳር! የላካቸው ጎሚስታው ሙሉቀን ነው። እሱም እንደኔ ዓይን አፋር ነው፤ ባጃጅ ውስጥ አብረን ከተቀመጥን የሚያወራው ሞተሩ ብቻ ነው። ግን ወድጄዋለሁ። (ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ፤ ለሱማ የት አባቴ አፍ አግኝቼ!)

ያሳደገችኝ አክስቴ ታዲያ፣ "ደሴ ድረስ መጥተው ወጥ አናበላቸውም!" አለች። ስልኳ ላይ ያየችው የፈረንጅ ምግብ አምሯታል። ከታች የተፈጨ ሥጋ ይነጠፋል፤ ከላይ የተደቆሰ ድንች እንደ ግድግዳ ይለሰንበታል፤ ከዚያ ይጋገራል። ላዩ ጾም፣ ታቹ ፍስክ!

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ጋሼ እንድሪስ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። ስለዚህ ከሰኞ ገበያ ያመጣሁትን ድንች አንድ ላይ ቀቀልኩ፤ ሥጋውን ግን እንደ አገራችን ደንብ ለየብቻ አደረግሁ። የጋሼ እንድሪስን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝቼ፣ በጎረቤታችን በዘይነባ ድስት አበሰልኩ። ከዚያ አክስቴ ለዚሁ ቀን በገዛቻቸው ሁለት አዳዲስ መጋገሪያዎች ለየብቻ አነጠፍኳቸው። ድንቹን ሲለብሱ ግን መንታ ሆነው አረፉት! እንዳይምታታብኝ ጋሼ እንድሪስ ላይ (ድንቻቸው ላይ ማለቴ ነው) አንዲት የካሮት አበባ ሰካሁ።

ልብሴን ቀይሬ ስመለስ ማጀቱ ባዶ ነው። በመጋረጃው ጫፍ ሳሎኑን ባይ… ሁለቱም ላይ ካሮት!

አክስቴ ሳህን ልትወስድ ስትመጣ ያዝኳት። "ካሮቱን ምን አደረግሽው?"

"ታዲያ አንዱ አጊጦ፣ አንዱ ራቁቱን ይቅረብ?"

"የጋሼ እንድሪስ የትኛው ነው?"

አክስቴ በመጋረጃው ጫፍ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች… እንደገና የመጀመሪያውን አየች።

ለትዳር የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ዝም ካልኩ ግን ጋሼ እንድሪስ አፍ ውስጥ የማይሆን ሥጋ ሊገባ ነው! መሪያቸው አቶ ተሰማ "ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን" ብለው ከመጨረሳቸው፣ ጋሼ እንድሪስ "ቢስሚላህ" ብለው ማንኪያ አነሱ። መጋረጃውን ገለጥኩና፣

"አይሆንም!" ብዬ ጮህኩ።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"አይሆንም አለች" አሉ አቶ ተሰማ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። "ልጅቷ ካልፈለገች ምን ይደረጋል። በሉ እንነሳ።"

"ኧረ ተቀመጡ!" አለች አክስቴ። "እሷ እንኳን ሰው ፊት፣ ዶሮ ፊትም ደፍራ አትናገርም!"

"ተናገረች እኮ!"

ተነሱ። አቶ ተሰማ በሩን ሲይዙ እዚያ ያልነበረው ሙሉቀን ከሕይወቴ አብሯቸው ሲወጣ ታየኝ። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ…

"አይሆንም ያልኩት ድንቹን ነው! የማን ሥጋ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብን ነው! እሱንማ… እሱንማ ዛሬም ቢሆን አገባዋለሁ!"

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እሷ እኮ "ዘመድ እንጠይቅ" እያለች ደጋግማ ልታመላልሳቸው አስባ ነበር!

ጋሼ እንድሪስ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

"ወላሂ፣ ለኔ ሽሮም ይበቃኛል" አሉ። "ግን ሙሉቀን 'ልጅቷ ዓይን አፋር ናት፤ አደራ እንዳታስደነግጧት' ብሎ ነበር የላከን። እንግዲህ አሁን እሱን ማን ያስጠንቅቀው?"