የጀልባ ሞተር ቤንዚን ሰልፍ ላይ

(ቡታጅራ፣ ነዳጅ ማደያ። ሀቢቡ የጀልባ ሞተሩን ከነታንኩ ጋሪ ላይ ጭኖ ተሰልፏል። ጓደኛው ሙባሪክ፣ ባጃጅ ነጂው፣ የሀቢቡን የሞተር ዘይት ጠርሙስ ይዟል።)

ሙባሪክ፦ አይገባም አልኩህ! ዛሬ ዘይት አይገባም!

ሀቢቡ፦ ሰውየው ሲሸጥልኝ ግን ቤንዚኑን ከዘይት ሳትደባልቅ እንዳታስነሳው ብሎኛል።

ሙባሪክ፦ ስንት ለስንት አለህ?

ሀቢቡ፦ ሃምሳ ለአንድ።

ሙባሪክ፦ አየህ! ለሃምሳ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት። ታንክህ ስንት ይይዛል?

ሀቢቡ፦ አስር።

ሙባሪክ፦ ታዲያ ሃምሳው መቼ ሞላ? አራት ጊዜ ቤንዚን ብቻ ትቀዳለህ። በአምስተኛው አንዷን ሊትር ግልብጥ! ሂሳብ ነው እኮ!

ሀቢቡ፦ (ራሱን እያከከ) እስከዚያ ምን ይሆናል ታዲያ?

ሙባሪክ፦ ማን?

ሀቢቡ፦ ሞተሩ።

ሙባሪክ፦ ይታገሳላ! እኔ ስንት ዓመት ባጃጅ የነዳሁ ሰውዬ ነኝ።

ሀቢቡ፦ ባጃጅህ ዛሬም ጋራዥ ናት?

ሙባሪክ፦ ቤንዚኑ ነዋ! ውሃ ይጨምሩበታል፣ ሶስቴ ሞተሯን በላብኝ። አቦ፣ ጋሪህን ግፋ!

(ጋሪውን ይገፋሉ።)

ሙባሪክ፦ ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ብረት ምን አስጎተተህ? ጀሪካን አይበቃም?

ሀቢቡ፦ ትናንት ጀሪካን ይዤ መጣሁ። «ሞተር ለሌለው አንቀዳም» አሉኝ። ይኸው፣ ሞተር።

ሙባሪክ፦ (እየሳቀ) ያ ረቢ! ቆይ፣ ሐይቁንስ ለምን አላመጣኸውም?

ሀቢቡ፦ አትሳቅ ወላሂ። ላሟን ሽጥ ስትለኝ ሰምቼህ የሚስቴን የመሕቡባን ላም ሸጬ ይሄን ሞተር ገዛሁ። ነገ ዝዋይ ላይ ሞተሩ ቢቃጠልብኝ ሚስቴ ጋ በየት በኩል ነው የምገባው?

ሙባሪክ፦ በመስኮት! (ጠርሙሱን እያገላበጠ) ይሄንን ደሞ ማነው በሂና የሞነጨረው?

ሀቢቡ፦ እሷው ናት። እኩል አምስት ቦታ በመስመር ከፈለችው።

ሙባሪክ፦ የሳል ሽሮፕ መሰላት እንዴ?

ሀቢቡ፦ እኔ እንጃ። ስታስረዳኝ በክትፎ ነው ያስረዳችኝ።

ሙባሪክ፦ ክትፎና ጀልባን ምን አገናኛቸው?

ሀቢቡ፦ «ሰርግ ላይ ሃምሳ ሰው ጠርተህ ያለህ አንድ ጣሳ ቅቤ ቢሆን፣ እንግዳው ደሞ አስር አስር እየሆነ ቢገባ፣ አርባውን ያለ ቅቤ አብልተህ ጣሳውን ለመጨረሻዎቹ አስር ትገለብጠዋለህ?» አለችኝ።

ሙባሪክ፦ ምን ነካት? አገር ይስቅብኛል! በየዙሩ ትንሽ ትንሽ... (የጠርሙሱን መስመር ያያል።)

ሀቢቡ፦ በየዙሩ ምን?

ሙባሪክ፦ ...ትንሽ ትንሽ ይደረግበታል።

ሀቢቡ፦ እሷም እንደሱ ነው ያለችው። (ያስባል) ሙባሪክ፣ ያቺ አሮጌ ባጃጅህም ዘይት ተደባልቆላት ነው አይደል የምትጠጣው?

ሙባሪክ፦ ተራህ ደርሷል፣ ግፋ!

ሀቢቡ፦ ስንተኛ ጊዜ ስትቀዳላት ነው ሁሌ የምትበላሸው?

ሙባሪክ፦ (ቀስ ብሎ) አራተኛው ላይ።

ሀቢቡ፦ ሚስኪን! ቅቤው ሳይደርሳት!

(ሀቢቡ ዘይቱን እስከ መጀመሪያው መስመር ታንኩ ውስጥ ያንቆረቁራል። ሙባሪክ ጠጋ ይላል።)

ሙባሪክ፦ ሀቢቡዬ፣ መሕቡባ አሁን ቤት አለች?

ሀቢቡ፦ አለች። ምነው?

ሙባሪክ፦ የኔንም ጠርሙስ እንድታሰምርልኝ ነበር።

ሀቢቡ፦ ታሰምርልሃለች። ብቻ ላሟን ሽጥ ያልከኝ አንተ መሆንህን ሰምታለች፤ በመስኮት ግባ።